ጥርስ ያረፈበት ወንበር

እኔን ያበገነኝ ሰውየው ወንበራችንን መውደዱ አይደለም። ይውደድ፤ ሰው ምን የማይወደው ነገር አለ? ያበገነኝ አወዳደዱ ነው።

ንፋስ መውጫ መናኸሪያውን አልፋችሁ ወደ ገበያው ስትወርዱ፣ በስተግራ ሰማያዊ በር ያለው ፀጉር ቤት አለ። ባለቤቱ ጋሽ ይበልጣል ናቸው። አርባ አንድ ዓመት ሰው ላጭተዋል። እኔ ዋሴ እባላለሁ፣ ሰባት ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። አሁን እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ምላጩ የኔ ነው፣ ወሬው የሳቸው።

ወንበር ስላችሁ በርጩማ እንዳይመስላችሁ። ብረት ነው፣ ሲኒ የመሰለ ነጭ ቅብ ያለው። ይሽከረከራል። በጎኑ ያለችውን ዘንግ በእግር ረገጥ ረገጥ ሲያደርጓት ሰውየውን ይዞ እንደ ጳጳስ ከፍ ይላል። ጋሽ ይበልጣል በጎረምሳነታቸው ከጎንደር፣ ሱቁን ከሚዘጋ ፀጉር አስተካካይ ገዝተው በእህል መኪና አመጡት። ጆንያው ላይ አስረውት፣ እሳቸው ደግሞ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለው። አዲስ ዘመን ከተማ ሲደርሱ ሰው ሹም የመጣ መስሎት እጅ ነስቷቸዋል ይላሉ። እኔ አላምንም፣ ግን ሲያወሩት ደስ ይለኛል።

መንገድ ላይ ቀኝ ክንዱ ተሰብሮ ቀረ። ወዳጃቸው ጋሽ ካሳ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው፣ ወይራ ጠርበው፣ በሞተ በሬያቸው ቆዳ ለብጠው ሌላ ክንድ ሠሩለት። ከፍ ሲል እንዳይሰምጥ የምትይዘው ሽብልቅ ደግሞ ጠፋች፤ ቀጥቃጩ ከአሮጌ ማጭድ ጫፍ ቆርጦ ተካት። ከፍ የሚያደርገው ዘይት ሲያልቅስ? እዚህ ጋይንት ላይ የወንበር ዘይት ማን ይሸጣል? የኑግ ዘይት ጨመሩበት። ሠራ! አንድ ጊዜ ኑግ ተወደደና፣ ማን እንደመከራቸው እንጃ፣ የቀለጠ ቅቤ አፈሰሱበት። አንድ መሪጌታ ከፍ እንዳሉ ብርዱ መጣ፣ ቅቤው ረጋ፣ መሪጌታውም እዚያው ላይ ቀሩ። በሰው ትከሻ ነው የወረዱት። ዕለቱ ዓርብ ስለነበር ከተማው በሙሉ፣ «በጾም ቀን ቅቤ አብልታችሁት ነው፣ ወንበሩ ከናንተ ይሻላል» እያለ ሳቀ።

አሁን ስለ ጥርሱ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ከሱ ነው የመጣው።

የጋሽ ካሳ ልጅ ደስታ የአምስት ዓመት ልጅ እያለ ቁንጮውን ሊላጭ መጣ። ቶንዶሱ ጆሮው ሥር ክችክች ሲል ደነገጠና ያንን የቆዳ ክንድ ነከሰው። ነክሶ አልለቅም አለ። ሲለቅ ስድስት ትንንሽ ጥርስ ቆዳው ላይ ታትመው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ የሚላጭ ልጅ ሁሉ ጣቱን እዚያ ውስጥ እየከተተ ነው የተላጨው። እኔም ልጅ ሆኜ እንደዚያው። ደስታ ጎረመሰ፣ እኛ ጋ እየተላጨ፣ በራሱ ጥርስ እየሳቅንበት። አምና በጥር መኪና ተገልብጦ ሞተ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር።

ጋሽ ካሳ ከዚያ ቀን ወዲህ መቀስ አልነካቸውም። ጠጉራቸው ትከሻቸውን፣ ጺማቸው ደረታቸውን ነካ። ሴት ልጃቸው ፍቅር ታጭታለች፤ የባል ወገን አንድ ዓመት ታገሰ፣ ከዚህ በላይ አልታገስም አለ። ሰርጉ ከቅበላ በፊት ካልሆነ ዐቢይ ጾም ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሌላ ልጅ እናጫለን አሉ። አባት እንደዚያ ጸጉሩን አንጨፍርሮ እያለ እዚያ ቤት ማን እልል ይላል? ሙት ዓመቱ ሲወጣ ሽማግሌዎቹና የንስሐ አባታቸው፣ «በቃህ ካሳ፣ ለሞተው ያለቀስከው ይበቃል፣ ላለችው ተላጭላት» አሏቸው። እሳቸውም፣ «እሺ። ግን የይበልጣል ወንበር ላይ ነው። ሌላ ቦታ አይደለም» አሉ። ለቅዳሜ ተቀጠረ።

ማክሰኞ ሰውየው መጣ።

አቶ ፍሥሐ ይባላል፣ ካዲስ አበባ። አሮጌ የፀጉር ቤት ወንበር ይሰበስባል። እውነቴን ነው፣ ሥራው ይኼ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ወንበሩን አየና ገብቶ ተንበረከከ። መሬት ላይ! ጋሽ ይበልጣል፣ «ምነው ጌታው፣ አመመዎት?» አሉት።

«እንዲህ ያለ እዚህ አገር አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም» አለ፣ የወንበሩን እግር እየዳበሰ።

ስልኩን አውጥቶ ያሉትን ወንበሮች አሳየን። አሥራ አንድ አሉት። ድሮ በፈረንጅ አገር ጸጉር የሚላጨው ሰው ጥርስም ይነቅል፣ ደምም ይቀዳ ነበር አለን። ወንበሩም ያኔ እንጨት ነበር፣ ራስ ማስደገፊያ ብቻ ያለው። ቀጥሎ ወደ ኋላ የሚንጋለል መጣ፣ ቀጥሎ የሚሽከረከር፣ ቀጥሎ እንደኛው በዘይት የሚነሳ። በመርከብ ተጭኖ፣ በባቡር ድሬዳዋ ገብቶ፣ ለትልልቅ ሰዎች ጺም የተሠራ ነው አለ።

«ያኔ ታዲያ ጥርስ ነቅሎ ጺም ሲላጭ ሒሳቡ ባንድ ነው?» አልኩት።

አልሳቀም። እንዲህ ያለ ነገር የማያስቀው ሰው አይታመንም፤ ያኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ።

መኪናው ላይ አዲስ ወንበር ጭኖ ነበር የመጣው። ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የቻይና። እንለዋወጥ አለ። ጋሽ ይበልጣል አይሆንም አሉ። እውነቱን ልናገር፣ የጎተጎትኳቸው እኔ ነኝ። የኛው ዘይት ያንጠባጥባል፣ ጎረምሶቹ ወዲያ ማዶ መስታወታም ፀጉር ቤት እየሄዱ ነው፣ «ጋሼ፣ የነገ እንጀራዬ ነው» አልኳቸው። ቀዩ ወንበር ልቤን ሰርቆት ነበር። በማግስቱ፣ «እሺ። ቅዳሜ ካሳን ከላጨን በኋላ ይውሰድ» አሉ። አቶ ፍሥሐም፣ «ችግር የለም አባቴ» አለ።

ዓርብ ጋሽ ይበልጣል ቤተ ክርስቲያን ሄደው ብቻዬን ነኝ። አቶ ፍሥሐ ሁለት ተሸካሚ አስከትሎ መጣ።

«ዋሴ፣ ዛሬ ልውሰደውና ላጽዳው። ነገ ጠዋት ለሽማግሌው ተወልውሎ ይመጣል። ንጹሕ ወንበር ላይ ቢላጩ አይሻልም?»

«ጠዋት?»

«ጠዋት በአንድ ሰዓት። ቃሌ ነው።»

ወንበራችንን ጭነው ቀዩን አውርደው አስገቡልኝ። እኔ ቂል ምን ሳደርግ ዋልኩ? ቀዩ ላይ ቁጭ ብዬ ስሽከረከር።

ቅዳሜ አንድ ሰዓት ሆነ፣ የለም። ሁለት ሰዓት፣ የለም። ስልኩን አያነሳም። በሦስት ሰዓት ጋሽ ካሳ መጡ፤ ከኋላቸው ሚስታቸው እትዬ ይታይሽ፣ ከሷ ኋላ ሦስት ሽማግሌ። በሩ ላይ ቆሙ። ያንን ቀይ ነገር አዩት፣ ወዲያ ወዲህ ፈለጉ።

«ይበልጣል፣ ወንበሩ የታለ?»

ጋሽ ይበልጣል ወደኔ ዞሩ። ትናንት ማታ «ጠዋት ይመጣል» ብያቸው ነበር።

«ለጽዳት... ሊጸዳ ሄዶ ነው» አልኩ።

«ወንበር እንደ ሰው ጠበል ሄደ?» አሉ ጋሽ ካሳ። ሽማግሌዎቹ እንኳ ሊስቁ ነበር፣ የሳቸውን ፊት አይተው ተዉት። «ልጄ ጥርሱን የተወበት ቦታ ላይ እጄን አሳርፌ ልነሳ ነበር የመጣሁት። ከመቃብሩ በቀር ሌላ ምልክት የለኝም። ሂዱ በሉ፣ እንመለስ።»

«ኧረ በማርያም!» አለች እትዬ ይታይሽ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ። «የፍቅርስ ነገር? ሰዎቹ ማታ ቃላችንን ሊሰሙ ይመጣሉ እኮ!» ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አንተ ቀላል! አንተ ቀላል! ወንበር ጠብቅ ተብለህ ወንበር ታስወስዳለህ? ላም ቢሰጡህ ቀንዷን ትሸጣለህ!»

ልክ ናት።

«እስከ ቀትር ስጡኝ» አልኩ። «ሄጄ ላምጣው፣ ከዚያ እንዳሻችሁ።»

ጋሽ ካሳ ደጅ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «እስከ ቀትር» አሉ።

አማን የሰፈሬ ልጅ ነው፣ ባጃጅ ይነዳል፤ አባቱ ገበያው ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ። «ቶሎ!» አልኩት። «ሒሳብስ?» አለኝ። «አማን፣ ደስታን ታውቀው የለ?» አልኩት። ሒሳብ የሚል ቃል ዳግም ካፉ አልወጣም። ያችን ባጃጅ እንደዚያ ስትበር አይቻት አላውቅም።

ሰውየው ያረፈበት ቤት ግቢ ውስጥ ገባን። ወንበራችን መሐል ግቢ ቆሟል። ወንበራችን ልበለው? አጥንቱ ነው የቆመው። መቀመጫው ተፈቷል፣ ክንዱ የለም፣ ዘይቱ ተደፍቶ ግቢው ኑግ ኑግ ይሸታል። ነጩ ቅብ ግን ያብረቀርቃል፣ እውነት ለመናገር ከመቼውም በላይ። አቶ ፍሥሐ በጥርስ ብሩሽ ጥጋ ጥጉን ይፈትጋል።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ ስንት ነው?» አልኩት።

«ዋሴ! ይቅርታ፣ ልደውል ነበር። ስከፍተው አላስቻለኝም። ኑግ እኮ ነው ያጠጣችሁት! ሃምሳ ዓይነት ቆሻሻ ጠግናችሁበታል። ይኸው ኦሪጅናሉ መውጣት ጀመረ።»

«ክንዱስ?»

«የትኛው ክንድ?»

«በቆዳ የተለበጠው።»

«ያ እንጨት? እዚያ ጆንያ ውስጥ ነው፣ ከሚጣለው ጋር። ኦሪጅናል አይደለም። ለዚያውም አይጥ በልቶታል።»

አይጥ! አይጥ አለው!

እኔ ሰው ስሰድብ የምታወቅ ነኝ። ገበያ ውስጥ ከኔ ጋር አፍ የሚገጥም የለም። ያን ጊዜ ግን ስድቡን ተውኩት። «አይጥ አይደለም» አልኩት። «ደስታ ነው። ደስታ ካሳ። በአምስት ዓመቱ ነክሶት። አባቱ እኛ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ዛሬ ካልተላጩ የልጃቸው ሰርግ ይፈርሳል። አንተ ደግሞ በአንድ ሰዓት አመጣለሁ ብለህ ቃል ሰጠህ።»

ልብ በሉ፣ ሳላውቀው «አንተ» ብዬዋለሁ። እሱም ልብ አለ።

«አዝናለሁ» አለ። «እውነት አዝናለሁ። ግን ዛሬ ተገጥሞ አያልቅም፤ ብሎኖቹ ነዳጅ ውስጥ ተነክረዋል፣ እስከ ሰኞ ይቆያሉ። ልውውጡም አልቋል እኮ፣ ቀዩን ተቀብለሃል።»

አጠገቡ ጠረጴዛ ላይ ካርቶን ወረቀት ነበር፣ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ። ቀስ እያልኩ ነው የማነብበው፣ ግን አነበብኩት። ስለ ብረቱ፣ ስለ ዘይቱ፣ የት አገር እንደተሠራ ይላል። ታች ላይ፣ «የተገኘበት፦ ሰሜን ኢትዮጵያ። ተጠቃሚው ያልታወቀ።»

«ማን ነው ያልታወቀው?» አልኩት። «ጋሽ ይበልጣልን አላየሃቸውም? ሻይ አላጠጡህም? ስማቸውን በሩ ላይ በቀለም ጽፈውታል እኮ! አርባ አንድ ዓመት እዚያው ቆመዋል። ላይ ጋይንት ላይ እሳቸው ያልላጩት አናት ካለ ራሰ በራ ነው!»

«ተረጋጋ። የዕቃ ታሪክ የሚጻፈው በአሠራሩ ነው። የገጠር ጥገና ዋጋውን ይቀንሰዋል እንጂ...»

«ይኼ ወንበር በፈረንጅ ብረት የቆመ ይመስልሃል?»

«እና በምን ቆመ?»

ፀሐዩን አየሁ። ወደ ቀትር እየሄደ ነው። ለዚህ ሰው ማስረዳት ድንጋይ ላይ ውኃ ማፍሰስ ነው።

«ቆሻሻውን ስጠኝ» አልኩት።

«ውሰድ። ሁሉንም ውሰድ።»

ጆንያውን ዘረገፍኩት። ክንዱ አለ። ኮርቻ ሰፊ የሰፋልን የቆዳ መቀመጫ አለ። ከሥር ያቺ የማጭድ ሽብልቅ፣ በኑግ ወዝታ። ይዣት ቆምኩ።

«ይቺንስ?»

«ምንድን ናት? ማጭድ ናት እኮ። ውሰዳት።»

«ጋሼ፣ እርግጠኛ ነህ?»

«ውሰድ አልኩህ!»

«አማን፣ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ» አለ አማን። ሦስት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ከዚህ በላይ ሐቀኛ መሆን አልችልም።

ስንመለስ ጋሽ ካሳ ከተቀመጡበት ድንጋይ አልተነቃነቁም። ጆንያውን ይዤ ገባሁ። ጋሽ ይበልጣል ከፍተው አዩ፣ መፍቻ አነሡና የቀዩን ወንበር ቀኝ ክንድ ነቀሉት። አዲስ ላስቲኩ እንኳ ያልተላጠ ክንድ! ያንን የወይራ ክንድ በጠፍር ጠፍረው አሰሩት። አሮጌውን የቆዳ መቀመጫ አናቱ ላይ ዘረጉት። ቀዩ ወንበር አህያ መሰለ፣ ጭነት የተጫነበት። ትናንት ሙሉ ቀን የተሽከረከርኩበት ነው። ምንም አላሳዘነኝም።

ጋሽ ካሳ ገቡ። ወንበሩን አላዩትም፣ ክንዱን ነው ያዩት። አውራ ጣታቸው ሄዶ ጥርሱን አገኘው። አንድ፣ ሁለት... ስድስቱንም ዳበሱ። ከዚያ ተቀመጡ።

እኔ መቀሱን ሳነሣ ጋሽ ይበልጣል፣ «አምጣ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እጅዎ...»

«አምጣ አልኩህ፣ አንተ ልጅ። ይኼን ጺም አንተ አታውቀውም።»

መቀሱም ምላጩም ይንቀጠቀጣል። አንዴ አገጫቸው ሥር ቆረጧቸው፣ ደም መጣ። ጋሽ ይበልጣል እጃቸውን ሰበሰቡ። ጋሽ ካሳ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «አይዞህ፣ ልጄ የነከሰው ከዚህ ይብሳል። ላጭ» አሏቸው። ሌላ አንዴ ደግሞ ጆሯቸው ሥር ቆረጧቸው። ያ ሁሉ ጺም መሬት ላይ ወረደ፣ ነጭ ሆኖ፤ ለቅሶው ሲጀምር ግማሹ ጥቁር ነበር። ሲጨርሱ ፊታቸው ትንሽ ሆነ። እትዬ ይታይሽ እልል አላለችም። ዓመት ሙሉ ዘቅዝቃ የለበሰችውን ነጠላ አውልቃ፣ አራገፈችና አቅንታ ለበሰችው። ሽማግሌዎቹ፣ «እግዜር ያጽናችሁ፣ ከዚህ ይብቃችሁ» ብለው ተነሡ። እትዬ ይታይሽ ስታልፍ በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ። «ቀላል» አለች ደግማ። ያሁኑ ግን እንደ መጀመሪያው አይደለም።

አቶ ፍሥሐ የደወለልኝ የፍቅር ሰርግ ዕለት ነው። ዳሱ ውስጥ ነኝ፣ ጋሽ ካሳ ፊት ለፊቴ፣ አገጫቸው ሥር ያቺ ጠባሳ አለች፣ እንግዳ ብሉ ጠጡ እያሉ ይዞራሉ። ከበሮው ስላላሰማኝ ወደ ውጭ ወጣሁ።

«ዋሴ፣ ወንበሩን ገጠምኩት። ሁሉ ነገር ትክክል ነው። ግን ከፍ ይልና ሰው ሲቀመጥበት ይሰምጣል። ዘይቱን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። እናንተ ጋ እንዴት ነበር የሚቆመው?»

«በቆሻሻ ነበር የሚቆመው ጋሼ።»

«ያቺ ማጭድ...»

«ኦሪጅናል አይደለችም እኮ።»

«ላክልኝ። ምን ትፈልጋለህ?»

«ካርቶኑን ቀይር። 'ያልታወቀ' የሚለውን አጥፋና 'ይበልጣል፣ ንፋስ መውጫ፣ አርባ አንድ ዓመት ላጨ' በል። ከሥሩ 'ካሳ ክንዱን ጠረበ፣ ልጁ ደስታ በአምስት ዓመቱ ነከሰው' ብለህ ጻፍ።»

«ክንዱ እናንተ ጋ ነው ያለው! በሌለ ክንድ ላይ የጥርስ ታሪክ ልጻፍ? ሰው ይስቅብኛል።»

«ይሳቅብህ። የተነቀለበትን ባዶ ቦታ አሳያቸው።»

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ቁም ነገር ነው!»

«እኔም ቁም ነገር ነው ያወራሁት። ጽፈህ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። ቀስ ብዬ ነው የማነብበው፣ ግን እያንዳንዷን አነብባለሁ። አንድ ስም ከጎደለ...»

ዘጋው። ስድስት ቀን ሆነው፣ ፎቶ አልላከም። ሽብልቋ ኪሴ ውስጥ ናት። ጥፍሬን አጸዳባታለሁ።